ዳማ የበላው ሳር

ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶልኝ አይደለም። ይበርድ እንደሆነ ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ፤ አልበረደም። እንዲያውም ጳጉሜ በመጣ ቁጥር፣ ጎረቤቶቼ ለበዓል ሳር ማጨድ ሲጀምሩ፣ እንደ አዲስ ይነሳብኛል። ስለዚህ ቃሌ ቢሻክርባችሁ አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱም ጨርሳችሁ ካነበባችሁ በኋላ ፍረዱ።

አሰላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤታችን ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ባለቤቴ ሥራው ዲክሲስ ከተማ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ወይም ለበዓል ነው። ቤት ውስጥ የምንውለው እኔና ያኔ የአሥራ አንድ ወር ልጅ የነበረችው ኤዶም ነበርን፤ ሦስተኛችን ደግሞ ውሻችን ዳማ። መልኩ ዳማ ስለነበር ነው ስሙ ዳማ የተባለው። ለማያውቀው ሰው አጥሩ እስኪነቃነቅ ይጮሃል፤ ኤዶም ጆሮውን ይዛ ስትጎትተው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛላታል።

ዳማ አንድ አመል ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት ሳር ይበላል። ከአጥራችን ሥር ባለችው ቦይ ዳር ይሄድና፣ ሰርዶውን እንደ በግ እየመረጠ ይግጣል። አንዳንዴ ያስመልሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አፉን ልሶ ወደ ቤት ይመለሳል።

ይህን አመሉን አጥብቀው ያልወደዱት ጎረቤታችን ጋሽ ገዛኸኝ ናቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ማሳቸው ከአጥራችን ጋር የሚዋሰን ገበሬ ናቸው። ምጥ ሲይዘኝ ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን መካድ አልችልም። አሁንም አንቱ እላቸዋለሁ። ብናደድም አስተዳደጌ ከዚያ በታች እንድወርድ አይፈቅድልኝም።

"መምህር፣ ይኼ ውሻሽ ሳር መጋጥ አበዛ" ይሉኝ ነበር። "ውሻ ሳር ከጋጠ ወይ ዝናብ ነው ወይ እብደት ነው።"

"ጋሼ፣ ዝናቡንማ በክረምት ማን ይከለክለዋል?" እላቸዋለሁ፤ እንሳሳቃለን።

ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይጠይቁኛል። "ቲቸር፣ ውሻ ለምን ሳር ይበላል?" ያኔ እኔ ጠመኔዬን ይዤ እንደ ሊቅ እቆማለሁ። ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ተመራማሪዎችም ገና እርግጠኛ እንዳልሆኑ፣ ከዱር ዘመዶቹ የወረሰው ባሕርይ ሳይሆን እንደማይቀር፣ አንዳንዱ ሆዱን ሲከፋው፣ አንዳንዱ ሲሰለቸው፣ አንዳንዱም ስለጣፈጠው ብቻ እንደሚበላ እዘረዝራለሁ። መጨረሻ ላይ "ሳር ውሻን አይጎዳም" ብዬ ጠመኔውን አስቀምጣለሁ። እውነት ነው። ግን የቱ ሳር እንደሆነ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

እስቲ ስለዚያች ቦይ ልንገራችሁ። የጋሽ ገዛኸኝ ማሳ ውሃ የለውም። ኬሚካል ሲረጩ የሚበጠብጡት ከእኔ ቧንቧ ቀድተው ነው። ሲጨርሱም የመርጫውን ፓምፕ እዚያው ቧንቧ ሥር ያጥቡና፣ የተረፈውንም እጣቢውንም ቦይዋ ውስጥ ይደፉታል። ውሃ መከልከል ነውር ነው፤ እኔም አልከለከልኩም። ውሃ ስለማያጣት እንደዚያች ቦይ ዳር የሚለመልም ሳር በሰፈራችን አልነበረም። በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጋሽ ገዛኸኝ ያንን ሳር ያጭዱና ለየጎረቤቱ አንድ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ያድላሉ። እኛም እየመረቅናቸው ቤታችንን እንጎዘጉዛለን።

ጳጉሜ አራት ቀን፣ ዘግይቶ በተዘራው ገብሳቸው ላይ ክሽክሽ የሚሉት ነፍሳት ገባና የተባይ መድኃኒት ረጩ። ከሰዓት በኋላ ፓምፑን ሊያጥቡ መጡ። ኤዶምን አዝዬ አጠገባቸው ቆሜ ስለ በዓሉ እናወራ ነበር። በጀርባቸው የተሸከሙትን ፓምፕ አውርደው የተረፈውን ደፉት፤ ከዚያ አንዴ አጠቡት፣ ሁለቴ አጠቡት፣ ሦስቴ አጠቡት። "እኔ ንጽሕና እወዳለሁ" አሉኝ እየሳቁ። ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ልጄን ወደ ደረቴ አዙሬ አፍንጫዋን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ይህቺን ነጠላ አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ ገና በማለዳ ጋሽ ገዛኸኝ ሳር የሞላ ማዳበሪያ ተሸክመው በሩን አንኳኩ።

"እንኳን አደረሰሽ መምህር። ነገ ጎዝጉዢው፤ ዛሬ ከጎዘጎዝሽው ይጠወልጋል።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዓመት ዓመት ያድርስልን!"

ማዳበሪያውን ሳሎኑ ጥግ አስደገፍኩት። ዘወር ብዬ ስመለስ ኤዶም እየዳኸች ደርሳበት አንድ ጭብጥ ሳር መዝዛ ይዛለች። ከእጇ ቀማኋትና ሳቅሁ። ዳማም እንደ ልማዱ ከቦይዋ ዳር ሳሩን ግጦ መጥቶ፣ የኤዶምን እጅ ልሶ በረንዳው ላይ ተጋደመ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ልብስ ሳሰጣ ዳማን አየሁት። ቆሟል፣ ግን አቋሙ ልክ አይደለም። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከአፉ ምራቅ ይዝረበረባል፤ ትንሽ አይደለም፣ ደረቱን አርሶታል። ስሙን ጠራሁት። ሊመጣ ሞከረ፤ ሦስት እርምጃ ተንገዳግዶ ወደቀ። አስመለሰው፤ ሆዱም ሄደ። ዓይኖቹን ሳያቸው ጥቁሩ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክሏል።

"ዳማ! ምን ሆንክ?" ብዬ ሳልጠጋው እትዬ ሙሉ በአጥሩ ላይ አዩት። እትዬ ሙሉ የጋሽ ገዛኸኝ ባለቤት ናቸው።

"ኡኡ! ውሻው አብዷል! መምህር፣ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ!"

በሰፈራችን "ያበደ ውሻ" ከተባለ ሰው ለመሰብሰብ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስድስት ሰባት ወንዶች ዱላና ድንጋይ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ከፊት ጋሽ ገዛኸኝ።

"አላልኩሽም ነበር?" አሉኝ። "ሳር መጋጥ አበዛ አላልኩሽም? ይኸው!"

"ጋሼ፣ ምናልባት ታሞ ይሆናል። ሐኪም እስካመጣለት..."

"ሐኪም ሲመጣ ስንት ሰው ይነክሳል? ልጅሽን አልላሳትም?"

ልሷታል። ከአንድ ሰዓት በፊት ዓይኔ እያየ ሁለቱንም እጆቿን ልሷታል፤ እጇን ደግሞ አፏ ውስጥ ስትከት ነው የምትውለው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከተነሳ መድኃኒት እንደሌለው ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ዕውቀት ተንኖ ጠፋ፤ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነበር። ዳማ የተኛበት ሆኖ አየኝ። ጭራውን አንዴ መሬት ላይ መታ፤ ደግሞ ሊደግም አቅም አጣ።

ከምስማሩ ላይ የዳማን ማሰሪያ ገመድ አወረድኩ። በራሴ እጅ አወረድኩት። ለጋሽ ገዛኸኝ ሰጠኋቸው።

"እሰሩት" አልኩ። "እሰሩትና... እኔ ልጄን ላሳክም።"

ግደሉት አላልኩም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አልጠቀመኝም። ገመድ የሚሰጥ ሰው ለምን እንደሚሰጥ ያውቃል።

ኤዶምን አዝዬ ባጃጅ ያዝኩ። ጤና ጣቢያ ስደርስ "ውሻው ታይቷል ወይ?" እንደሚሉኝ ስለገባኝ መንገዴ ላይ የእንስሳት ክሊኒክ አስቆምኩ። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ከድር የተማሪዬ አባት ነው። ለበዓል ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ ነበር ያገኘሁት።

"አካም ጅርታ፣ ባርሲስቱ! ምነው ፊትሽ?" አለኝ፤ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ እንደምን ነሽ አስተማሪ ማለቱ ነው።

ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኩት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ሰው ነክሷል?"

"አልነከሰም።"

"ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጦ ነበር? መደበቅ፣ መቆጣት፣ ድምፁ መጎርነን?"

"ኧረ ምንም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከልጄ ጋር ሲጫወት ነበር።"

"ተቅማጥ አለው?"

"አዎ። ያስመልሰዋልም። ይንቀጠቀጣል።"

"የዓይኑ ብሌን?"

"ጠቦ ጠቦ የጤፍ ፍሬ አክሏል።"

ዶክተር ከድር ወደ መደርደሪያው ዞረና መርፌና ትንሽ ብልቃጥ ማውጣት ጀመረ። "እብደት በሁለት ሰዓት እንዲህ አያደርግም" አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ። "ይህ መርዝ ነው። በርጭት ሰሞን ጥጃ እንዲህ ሆኖ ያመጡልኛል። ከደረስንበት መርፌው ያድነዋል። ምን በላ?"

"ምንም። እንጀራውን እንኳ አልነካም። ሳር ብቻ ነው..."

"የት ያለ ሳር?"

ቦይዋ ታየችኝ። ሦስት ጊዜ የታጠበው ፓምፕ ታየኝ። ከዚያ ሳሎን ጥግ የተደገፈው ማዳበሪያ ታየኝ፤ ከዚያም የኤዶም ጭብጥ። ከጀርባዬ አውርጄ አየኋት። አገጯ በምራቅ ርሷል። ጥርስ እያበቀለች ስለነበር ከሳምንት ወዲህ ምራቋ ይዝረበረብ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን የጥርስ ይሁን የሌላ በምን ልወቅ?

"ዶክተር፣ ልጄ ከዚያ ሳር ይዛለች። አፏ ውስጥ መክተቷን አላየሁም። አላየሁም!" ጮህኩ።

ዓይኖቿን ገለጥ አድርጎ አየና "ደህና ትመስላለች፤ እኔ ግን የሰው ሐኪም አይደለሁም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት፤ የተባይ መድኃኒት ነው በያቸው። እጇን እዚሁ በሳሙና እንጠብ። እኔ ወደ ውሻው እሄዳለሁ። ደውዪና እንዳይነኩት ንገሪያቸው" አለኝ።

ደወልኩ። ጋሽ ገዛኸኝ ስልኩን ያነሱት በአምስተኛው ጥሪ ነው።

"ጋሼ፣ እንዳትነኩት! አላበደም! ሐኪም እየመጣ ነው!"

ከወዲያ ድምፃቸው መጣ።

"ጨርሰናል ልጄ። አትስጊ፤ ሰው ሳይነክስ ተገላገልን። ገደል ከተነዋል።"

ስልኩን ዘጋሁት። ላለቅስ ጊዜ አልነበረኝም፤ ልጄ ነበረች።

ሆስፒታል ልብሷን አወለቁላት፣ ገላዋን አጠቡላት፣ ደረቷን አዳመጡ፣ በየጊዜው እየመጡ ዓይኗን በባትሪ አዩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። "ከያዛት ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት፤ እንጠብቅ" አለችኝ። ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰዓት ቆሞብኝ አያውቅም። ኤዶም ስታስነጥስ እነሳለሁ፤ ዝም ስትል እነሳለሁ። በምራቋ ብዛት ምክንያት አንዲት ነርስ ሦስት ጊዜ ድዷን አይታ በመጨረሻ ሳቀች፤ "እናትዬ፣ ጥርስ ነው፤ ይኸው ጫፉ ወጥቷል" አለችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን "ደህና ናት፣ ሂዱ" ተባልን።

ቤት ስደርስ በሬ ላይ ገመዱ ተሰቅሏል። ታጥቧል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። የት እንደታጠበ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቧንቧው ሥር መሬቱ እርጥብ ነበር።

ኤዶምን ከቤታችን ፊት ለፊት ለምትኖር ጓደኛዬ ሰጠሁና ገባሁ። ማዳበሪያውን ከሳሎን ጎትቼ አወጣሁት፤ እየጎተትኩ ጋሽ ገዛኸኝ ደጃፍ ድረስ ሄድኩ። እሳቸውና እትዬ ሙሉ ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳሩን እግራቸው ሥር ዘረገፍኩት።

"ዳማ አላበደም ነበር" አልኩ። "የበላው መርዝ ነው። ትናንት የደፉት የፓምፕ እጣቢ። የሚያድነው መርፌ መንገድ ላይ ነበር፤ እናንተ ቀደማችሁት።"

"ውሻ ነው እኮ ልጄ" አሉኝ ጋሽ ገዛኸኝ፤ እንደሚያባብል ሰው። "ልጅሽ ተርፋልሻለች፤ ተመስገን በይ። ሌላ ቡችላ እፈልግልሻለሁ።"

"ሳሩስ? ነገ ስንት ቤት ሊጎዘጎዝ ነው? ስንት ልጅ ሊድህበት ነው?"

"ሳሩ ደግሞ ምን ሆነ? ስንት ዓመት ስንጎዘጉዘው የኖርነው ሳር ነው። ምንም የለውም።"

ምንም የለውም! ያቺ ቃል ናት ያሳበደችኝ። ጎንበስ ብዬ አንድ ጭብጥ አነሳሁና ወደ አፋቸው አስጠጋሁት።

"እንግዲያው አንዲት ዘለላ ይቅመሱልኝ።"

"ምን?"

"ምንም የለውም ካሉ ይቅመሱልኝ። አንዲት ዘለላ። ውሻም በልቶታል።"

"ኧረ መምህር!" እትዬ ሙሉ ብድግ አሉ። "ሽማግሌ ነው እኮ! ነውር ነው!"

"ነውሩ የቱ ጋ ነው እትዬ? የበላውን በድንጋይ ስትሉት ነውር አልነበረም፤ አሁን ነውር ሆነ?"

ጋሽ ገዛኸኝ ሳሩን አዩት። እጃቸው እስከ ግማሽ ድረስ ተነሳ፤ እዚያው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና፣ ሳሩን ሳይነኩት፣ መዳፋቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ።

ያቺ መጥረግ ሁሉንም ነገረችኝ። ያውቁ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ያለውን የራስ ቅል ሥዕል ያውቁታል። ለገብሱ መርዝ ነው፣ ለክሽክሹ መርዝ ነው፤ ፓምፑ ከታጠበ በኋላ ግን ውሃው የት እንደሚሄድ አስበው አያውቁም። የታጠበ ነገር ሁሉ ንጹሕ ይመስላቸዋል።

አሸነፍኩ ብዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

"ትናንት ሳጥብ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። የልጅሽን አፍንጫ በነጠላሽ ሸፈንሽ። አይቼሻለሁ። ለእኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። እኔ መሃይም ነኝ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

የያዝኩትን ሳር ጣልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ባለቤቴ መጣ። በዚያው በእንቁጣጣሽ ጠዋት አካፋ ይዘን ገደሉ ውስጥ ወርደን ዳማን ቀበርነው፤ ዶክተር ከድር ጅብም ሌላ ውሻም እንዳይበላው አደራ ብሎን ነበር። ስንመለስ ቤት ለቤት እየዞርን የታደለውን ሳር ሰበሰብን። ሁለት ቤት ሳቁብን፤ አንድ ቤት ሰደቡን። የቀሩት ሰጡን። ከጀርባችን ማዳበሪያ ተሸክመው ዝም ብለው ይከተሉን የነበሩት ጋሽ ገዛኸኝ ናቸው። ያንንም መካድ አልችልም።

አሁን ቧንቧዬ ላይ ፓምፕ አይታጠብም። ማሳቸው ዳር፣ ከቦይዋ ርቆ፣ ሌላ ቦታ ያጥባሉ። እንደምን አደርሽ ይሉኛል፤ እግዜር ይመስገን እላለሁ። ንዴቴ ግን አለ። በእነዚያ ዱላ ይዘው በሮጡት እናደዳለሁ፤ ለመፍረድ ሮጡ፣ ለመጠየቅ ግን አንድም ሰው አልሮጠም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ መርዙን በቤታቸው ደጃፍ ትተው መርዝ የበላውን ቀጠቀጡ። ከሁሉ ይልቅ ግን በዚያች ነጠላ እናደዳለሁ። ለልጄ ያወቅሁትን ለሰፈሩ አላውቅም ብዬ ዝም ያልኩባት ነጠላ ናት። ዕውቀቴ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮህ ውሻ ሆነ፤ ዳማ እንኳ እንደዚያ አልነበረም፣ በጊዜው ነበር የሚጮኸው።

እናንተም ውሻችሁ ሳር ሲበላ ብታዩ አትደንግጡ። አላበደም። ሳሩም አይገድለውም። ከዚያ ግን ቁጭ አትበሉ፤ ተነሱና ሳሩ ዳር ሄዳችሁ ማን ምን እንደደፋበት እዩ። ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ልጆቻችሁን አርቁ፣ ለብቻው ዝጉበት፣ ሐኪም ጥሩ። ማበዱን አለማበዱን የሚያውቅ ሐኪም እንጂ ዱላ አይደለም።

ዘንድሮም ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። "ቲቸር፣ ውሻ ለምን ሳር ይበላል?" የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እርስዎ ውሻ አለዎት?" አለችኝ።

"ነበረኝ" አልኳት።

"ምን ሆነ?"

ከዚያ በፊት ለማንም የምለው "ጎረቤት ገደለው" ነበር። ያን ቀን ግን አርባ ልጆች እያዩኝ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

"ገመዱን እኔ ሰጠኋቸው" አልኩ።